የባሕር አረም እርሻ በእውነት ለአካባቢ ይጠቅማል? ዛንዚባር ያየሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም

ሃና ዘባሕር ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው ናይሮቢ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሳምንት እረፍት አገኘሁና ዛንዚባር ሄድኩ። ያረፍኩት ፓጄ የምትባል መንደር ነው፣ በደሴቱ ምሥራቅ ዳርቻ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስወጣ ባሕሩ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ላይ ሲጮኽ ያደረው ውሃ ሸሽቶ ሸሽቶ ከሩቅ ነጭ መስመር ብቻ ሆኗል። በቀረው እርጥብ አሸዋ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ከሩቅ ሳያቸው ጤፍ የሚያርሙ መሰሉኝ። ጠጋ ስል ግን የሚተክሉ ናቸው። ትናንሽ ችካሎች፣ በችካሎቹ መሃል የተወጠረ ገመድ፣ ገመዱ ላይ በየስንዝሩ የታሰረ ቅርንጫፍ የመሰለ ቡናማና አረንጓዴ ነገር። የባሕር አረም ነው። እነሱ ምዋኒ ይሉታል።

የእንግዳ ማረፊያው ልጅ እያስተረጎመልኝ ከአንዲት እናት ጋር ትንሽ አወራን። በዚህ ሥራ ልጆቿን እንዳስተማረች ነገረችኝ፣ አሁን ግን ውሃው ስለሚሞቅ እንደ ድሮው እንደማይበቅል ጨምራ ነገረችኝ። ሐዘኗ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ማታ ደግሞ እዚያው ያረፉ ሰዎች ስለ ባሕር አረም ሲያወሩ ሰማሁ። ካርቦን ይመጥጣል፣ ባሕር ያጸዳል፣ ላሞች ቢበሉት የአየር ብክለት ይቀንሳል፣ ዓለምን ያድናል ሲሉ ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ለእኔ ውሃ ላይ የሚበቅል አረም ማለት እምቦጭ ነው። ጣናን ያነቀው፣ አባቶቻችን በእጃቸው ሲነቅሉ የኖሩት። እንዴት ነው አንዱ አረም ሐይቅ እየገደለ ሌላው ባሕር የሚያድነው? ካርቦን ይመጥጣል የሚባለውስ እውነት ነው? ጉዳትስ የለውም? የምታውቁ ካላችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

ዳዊት በርገን

ሃና፣ እኔ ኖርዌይ ነኝ፣ በምዕራቡ ዳርቻ። ኬልፕ የሚባለው ትልቁ የባሕር አረም የሚመረትበት እርሻ ላይ ሦስት ወቅት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ይበድለዋል። አረም ስንል ያልተፈለገ፣ የሚነቀል ነገር ነው የሚታየን። የባሕር አረም ግን አልጌ የሚባል የውሃ ፍጥረት ነው። አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፣ ሥር እንኳ የለው። ድንጋይ ላይ የሚይዝበት እግር ነገር አለው፣ ያ ግን መያዣ ብቻ ነው፤ ምግብ አይስብም። የሚመገበው በመላ አካሉ ነው፣ በዙሪያው ካለው ውሃ። ጥቅሙ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ነጥብ ነው።

እኛ ጋ በጥቅምትና በኅዳር ሕፃን ኬልፕ የያዘ ቀጭን ክር ረጅም ገመድ ላይ እንጠመጥማለን። ከዚያ ባሕር ውስጥ እንተወዋለን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ገመዱን ስንጎትተው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቅጠል ተንጠልጥሎበት ይወጣል። በመሃል ምን ሰጠነው? ምንም። ማዳበሪያ የለም፣ መስኖ የለም፣ ፀረ ተባይ የለም፣ አንድ ጋት መሬት አልታረሰም። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አባቴ በየዓመቱ ለማዳበሪያ ሲበደር አይቻለሁ፤ ያለ ማዳበሪያ እንዲህ የሚበቅል ነገር መጀመሪያ ሳይ ማመን አቃተኝ።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኛን ማዳበሪያ ከባሕር የሚያወጣልን እሱ ነው። ከእርሻ የታጠበው ማዳበሪያ፣ የከተማ ፍሳሽ፣ እዚህ ደግሞ የሳልሞን ዓሣ እርባታው ቆሻሻ፣ ሁሉም መጨረሻው ባሕር ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲበዛ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች በአንዴ ይፈላሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ፣ ሲበሰብሱ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፣ ዓሣው ይታፈናል። የባሕር አረም ያንኑ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ቀድሞ ይበላዋል። ከዚያ እኛ አጭደን ስናወጣው ቆሻሻው አብሮ ከባሕር ወጣ ማለት ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት የቻይና የባሕር አረም እርሻዎች በዓመት ወደ 75 ሺህ ቶን ናይትሮጅንና ከ9 ሺህ ቶን በላይ ፎስፈረስ ከባሕር እንደሚያወጡ አስልቷል። ቻይና ውስጥ ሳንጎ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ፤ እዚያ ኬልፑን ከኦይስተርና ከሌሎች ዛጎል ለባሾች ጋር አንድ ላይ ያረቡታል። የአንዱ ቆሻሻ የሌላው ምግብ ነው።

አንድ ነገር ግን አስምሪበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ካጨድነው ነው። አንድ ዓመት በመርከብ ብልሽት ምክንያት ዘገየን። ሰኔ ሲገባ ቅጠሉን ነጭ ነጭ ጥቃቅን ፍጥረቶች ሸፈኑት፣ እየተበጣጠሰ ወደ ታች ወረደ። ያ የበላው ናይትሮጅን በሙሉ ተመልሶ ባሕር ገባ። ልቤ ነው የተሰበረው።

ስለ ካርቦን ደግሞ ቀስ ብለን እንይ። የባሕር አረም ሲያድግ ካርቦን ይወስዳል፣ እውነት ነው። ቀን ቀን በዙሪያው ያለው ውሃ አሲድነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ይህም ይለካል። ግን አጭደሽ ሾርባ ካደረግሽው፣ የበላው ሰው ሲተነፍስ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። ለዘለቄታው የሚቀረው ተሰባብሮ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚሰምጠው ነው። በ2016 የወጣ ታዋቂ ግምት አለ፤ የዓለም የባሕር አረም በዓመት 173 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን እንዲህ ያስቀምጣል ይላል። ልብ በይ፣ ይህ በተፈጥሮ የበቀለውን ነው የሚመለከተው። እርሻዎቹ ከዚያ ጋር ሲተያዩ በጣም ትንሽ ናቸው። ስለዚህ «ዓለምን ያድናል» የሚለውን አልቀበልም። «ያለበትን ባሕር ያጸዳል» የሚለውን ግን በእጄ ዳስሼ ነው የምነግርሽ።

የጎርጎራ ልጅ

የእምቦጩን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ፣ ቁስሉ የኔ ነው።

ሃና፣ እምቦጭና የባሕር አረም ዘመድ አይደሉም። እምቦጭ አበባ ያለው ተክል ነው፣ መጤ ነው፣ አገሩ አማዞን ነው። ጨው ውሃ አይችልም። ጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዋናው ልዩነት ደግሞ ይኸውልሽ፦ እምቦጭ ቅጠሉ ከውሃው በላይ ነው። ኦክስጅኑን የሚሰጠው ለአየር ነው፣ ለውሃው አይሰጥም። ከሥሩ ያለውን ውሃ ደግሞ ብርሃን ይከለክለዋል። ስለዚህ ከታች ጨለማ ይሆናል፣ ይበሰብሳል፣ ዓሣው ይሸሻል። የባሕር አረም ግን ውሃው ውስጥ ጠልቆ ነው የሚኖር፣ ኦክስጅኑንም እዚያው ውሃው ውስጥ ይለቃል። አንዱ ክዳን ነው፣ ሌላው ደን ነው።

ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፣ ዳዊት የተናገረው። እምቦጭም የሚወፍረው በኛው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። እኛም ነቅለነዋል፣ በጀልባ፣ በእጅ፣ ደረት ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን። ግን የት ወሰድነው? ዳር ላይ ከመርነው። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ግማሹን መልሶ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ገዢ ቢኖረው፣ አንድ ሰው በኪሎ እየመዘነ ቢወስደው ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር።

ዳዊት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የካሪቢያንን ባሕር ዳርቻ የሸፈነ ቡናማ ነገር በቪዲዮ አይቻለሁ። እሱ የባሕር አረም አይደለም እንዴ? እሱማ ቁርጥ እምቦጭ ነው የመሰለኝ።

ዳዊት በርገን

ነው፣ ትክክል ነህ። ሳርጋሰም ይባላል። እሱ ከሌሎቹ የሚለየው መያዣ እግር እንኳ የለውም፣ ዕድሜ ልኩን ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። የሚገርመው ነገር እሱም አትላንቲክ ላይ በዚህ መጠን መታየት የጀመረው በዚያው በ2011 ነው። በ2018 ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 8,850 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀበቶ ሠርቶ ነበር፣ ክብደቱ ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ። ባሕር መሃል እያለ ለኤሊና ለትናንሽ ዓሦች መጠለያ ነው። ዳርቻ ላይ ሲወጣና ሲበሰብስ ግን እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይለቃል፣ ኮራሉንም፣ ያን ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር ውስጥ ሕያው ፍጥረት፣ ያፍናል። ስለዚህ የባሕር አረም በሙሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። የትኛው ዓይነት፣ የት ቦታ፣ ማን ያጭደዋል፣ ይህ ነው መታየት ያለበት።

ትዕግሥት ዳሬሰላም

ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ዳሬሰላም ነው የምኖረው፣ በሥራ ምክንያት ዛንዚባር ደጋግሜ እሄዳለሁ። ሃና ያገኘሻትን እናት የመሰሉ ብዙ ሴቶችን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስለነሱ ሳይወራ ይህ ውይይት እንዲያልፍ አልፈልግም።

እርሻው እዚያ ለገበያ የተጀመረው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ። ዘሩ የመጣው ከፊሊፒንስ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፦ ስፒኖሰምና ኮቶኒ ይሏቸዋል። ደርቆ በጆንያ ወደ ውጭ ይላካል። ከውስጡ ካራጊናን የሚባል ማወፈሪያ ይወጣል፤ የጥርስ ሳሙናሽ ውስጥ፣ አይስክሬም ውስጥ፣ ቅባት ውስጥ አለ። መጀመሪያ ወንዶችም ሴቶችም ገብተው ነበር። ገንዘቡ ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ መሆኑ ሲታይ ወንዶቹ ወደ ዓሣውና ወደ ሆቴሉ ሄዱ፣ ሥራው የሴቶች ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከአምስቱ አራቱ ሴቶች ናቸው። በዚህ ብር ነው የልጅ ዩኒፎርም የተገዛው፣ ጣሪያ ቆርቆሮ የሆነው። ባልን ሳያስፈቅዱ የሚያወጡት ገንዘብ በእጅ መግባቱ በዚያ መንደር ምን ማለት እንደሆነ እኔ መናገር አያስፈልገኝም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ግን ችግሩ ያ የነገረችሽ ነው። ኮቶኒ ነው ዋጋ የሚያወጣው፣ ካራጊናኑ የተሻለ ስለሆነ። እሱ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ ፀሐይ ትመታዋለች፣ እንደ ሻይ ይሞቃል። ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ይነጣል፣ ይሟሟል፣ በእጅሽ ስትነኪው ይበጠሳል። አይስ-አይስ ይሉታል በሽታውን፣ በረዶ ስለሚመስል። በብዙ ቦታ ኮቶኒው ጨርሶ ጠፋ። የቀረው ስፒኖሰም ነው፣ ዋጋው በጣም ዝቅ ያለው። እስቲ አስቡት፣ ለዓለም ሙቀት ምንም ያላዋጣች ሴት ሙቀቱ ከጓሮዋ ሰብሏን ወሰደባት።

በዚህ ላይ ብዙ የደከሙ ሰው አሉ፣ ፍላወር ምሱያ የሚባሉ ታንዛኒያዊት ሳይንቲስት። ከሴቶቹ ጋር ሆነው ገመዱን ወደ ጥልቅ፣ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ለመውሰድ ሞከሩ። ቅርንጫፉን በገመድ ከማሰር ይልቅ እንደ ቱቦ በተሠራ መረብ ውስጥ ይከቱታል፣ ማዕበል እንዳይወስደው። በቀዝቃዛው ውሃ ኮቶኒው ይበቅላል። ግን ጥልቅ ውሃ ማለት ዋና ማወቅና ጀልባ ማግኘት ነው፣ አብዛኞቹ ሴቶች ደግሞ ሁለቱም የላቸውም። ስለዚህ አሁን ዋና የሚማሩ እናቶች አሉ። አርባና ሃምሳ ዓመት የሆናቸው፣ ከነልብሳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የሚለማመዱ። አንዴ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፣ እንባዬ ነው የመጣው።

ጉዳት የለውም ወይ ላልሽው፣ አለው። ሰዎች ይህን ሲደብቁ አልወድም። አንደኛ ችካሉ እንጨት ነው፣ እንጨቱ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ማንግሮቭ ከሚባለው፣ ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው ደን። ማንግሮቭ ደግሞ ራሱ ካርቦን አስቀማጭና የዓሣ መራቢያ ነው፣ እሱን ቆርጦ አረም መትከል ምን ያደርጋል? ቅርንጫፉ የሚታሰርባቸው የፕላስቲክ ክሮችም አሉ፤ ተበጥሰው አሸዋው ላይ ይቀራሉ። እርሻው የባሕር ሣር ላይ (ይህ አረም አይደለም፣ ሥር ያለው እውነተኛ ተክል ነው) ከተዘረጋ ደግሞ ሣሩን ይጋርደዋል፣ ሴቶቹም ሲመላለሱ ይረግጡታል። ትልቁ ፍርሃት ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ዝርያ አምልጦ ኮራል ላይ መውጣት ነው። ኮቶኒ ሃዋይ ውስጥ ካኔኦሄ በሚባል ወሽመጥና ደቡብ ሕንድ ውስጥ በማናር ባሕረ ሰላጤ ይህን አድርጓል፣ ኮራሉን ሸፍኖ ገድሎታል። ስለዚህ ዳዊት እንዳለው ቦታው ይወስነዋል። አሸዋ ላይ፣ ከኮራል ርቆ፣ ማንግሮቭ ሳይነካ ከተሠራ እኔ በሙሉ ልቤ ነው የምደግፈው።

መኮንን (ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም)

ልጆቼ፣ ጥሩ ነገር ነው የያዛችሁት። እኔ ስለ ላሞቹ ልጨምር፣ ሃና ጠይቃ ማንም አልነካውም።

ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ የሚያመሰኩ እንስሳት በሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ሣር የሚያብላሉ ማይክሮቦች አሉ። ከነሱ ከፊሎቹ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሠራሉ፣ እንስሳው ሲያገሳ ይወጣል። ብዙ ሰው ከኋላ የሚወጣ ይመስለዋል፣ አይደለም፤ አብዛኛው በአፍ ነው። ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ አየሩን አብዝቶ ያሞቃል። አስፓራጎፕሲስ የሚባል ቀይ የባሕር አረም አለ፤ ብሮሞፎርም የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ ይዟል። ይህ ንጥረ ነገር ሚቴን የሚሠራውን ሂደት ያግደዋል። ነገሩ ከካናዳ ነው የተነሣው፤ አንድ ገበሬ ማዕበል ያወጣውን የባሕር አረም የሚግጡ ከብቶቹ ጤንነታቸው የተሻለ መሆኑን ልብ ብሎ አየ፣ ከዚያ ሳይንቲስቶች ምርምሩን ወደ አውስትራሊያ ይዘውት ሄዱ።

ደስ የሚለኝ ግን ይህን ነገር እውነተኛ ላሞች ላይ ከፈተኑት ቀዳሚዎች መካከል የኛው የአካባቢያችን ልጅ መኖሩ ነው። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ክብረአብ፣ ኤርትራ የተወለዱ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚያስተምሩ። በ2021 የወጣው ጥናታቸው 21 የሥጋ ከብቶችን ለአምስት ወራት ያህል ተከታትሏል። በቀን 80 ግራም ገደማ የባሕር አረም ነው የተጨመረላቸው፣ አንድ እፍኝ ማለት ነው። የአንዳንዶቹ ሚቴን ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። የክብደት ጭማሪያቸው አልተጓደለም።

አሁን ደግሞ እንደ ሐኪም ልናገር። እነዚያ ከብቶች መኖ ተለክቶ የሚቀርብላቸው ናቸው። የኛ አገር ከብት ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ከአፍሪካ አንደኛ፣ ግን አብዛኛው ሜዳ ላይ የሚግጥ ነው። ለሚግጥ ከብት በየቀኑ እየለካህ መስጠት ከባድ ነው። እነ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ይህንንም ሞክረውታል፤ በ2024 ሞንታና ውስጥ በግጦሽ ላይ ያሉ ከብቶች ላይ ሠርተው 40 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ አግኝተዋል። ተስፋ አለው። ግን ለዓለም ከብት የሚበቃ አስፓራጎፕሲስ ዛሬ የለም፣ ማምረቱም ገና ጅምር ነው። ብሮሞፎርምም ሲበዛ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ባሕር ለሌላት አገር ደግሞ የሚቴኑ መፍትሔ መጀመሪያ የተሻለ መኖና ጤናማ ከብት ነው። የታመመችና የከሳች ላም ለአንድ ሊትር ወተት የምታወጣው ሚቴን ከጤነኛዋ በብዙ ይበልጣል። ይህን አርባ ዓመት ያየሁት ነው።

አቤል ሜይን

ጋሽ መኮንን እናመሰግናለን፣ ስለ ፕሮፌሰሩ አላውቅም ነበር።

እኔ አሜሪካ ሜይን ግዛት ነኝ። እዚህ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ ሰዎች በብርዱ ወቅት ሥራ ሲቀዘቅዝ ኬልፕ ያመርታሉ። ያው ጀልባ፣ ያው ገመድ፣ ያው እጅ። ለነሱ ጥሩ ሆኖላቸዋል። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ካርቦኑን በተመለከተ። የባሕር አረም አብቅለን ጥልቅ ባሕር ውስጥ እናሰምጣለን፣ ለዚያም የካርቦን ክፍያ (ካርቦን ስላስወገዱ የሚከፈል ገንዘብ) እንቀበላለን የሚሉ ኩባንያዎች ተነሥተው ነበር። እዚሁ ሜይን የነበረ አንዱ በ2024 ተዘጋ። ሃሳቡ ራሱም ችግር አለበት፤ ሰምጦ የቀረውን ካርቦን መለካት እጅግ ከባድ ነው፣ ከታች ያለው ሕይወት ምን እንደሚሆንም ማንም በቅጡ አልመለሰም። በዚያ ላይ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ሊበላ፣ ማዳበሪያ ሊሆን፣ የሰው እንጀራ ሊሆን የሚችል ነገር ጨለማ ውስጥ መጣል ለኔ ልክ አይደለም። እኔ ኬልፑን በትንሹ ከትፌ ምስር ወጥ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ጨው አያስፈልገውም። ልጆቼ ለምደውታል።

ሃና ዘባሕር ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ዳዊት፣ «የሚሠራው ካጨድነው ነው» ያልከው ነገር ከጎርጎራው ልጅ ጋር ሲገናኝ ሁሉም ገባኝ። እኛ እምቦጩን ነቅለን የምናደርሰው ቦታ አልነበረንም። እዚያ ግን ጆንያ ይዞ የሚጠብቅ ገዢ አለ።

ትዕግሥት፣ አንቺን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ልሄድ ነው። እኔ እንደ አንድ ተራ ሰው ለነዚያ ሴቶች የምጠቅመው ነገር ምንድን ነው? ዝም ብሎ ገንዘብ መስጠት አልፈልግም፣ ያሳፍራቸዋል። ደግሞ በስንት ሰዓት ነው የሚሠሩት? ባለፈው ሦስተኛው ቀን ላይ ስሄድ ማንም አልነበረም።

ትዕግሥት ዳሬሰላም

ሃናዬ፣ ደረቁ አረም በኪሎ ሲሸጥ የሚያገኙት በጣም ትንሽ ነው። ራሳቸው ፈጭተው ሳሙናና ቅባት አድርገው ሲሸጡት ግን ትርፉ እጃቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሳሙናውን ግዢ፣ ግን ከሆቴል ሱቅ ሳይሆን መንደር ውስጥ ከሚሠሩት ከራሳቸው። ቅርንፉድና የሎሚ ሣር የገባበት አለ፣ ሽታው ለሳምንት ሻንጣሽ ውስጥ ይቆያል። ዋጋ አትከራከሪያቸው። ሲሠሩ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ደግሞ ጠይቂ፤ ቱሪስት ሳይጠይቅ ሲያነሳቸው በጣም ይከፋቸዋል።

ሰዓቱን የሚወስነው ጨረቃ ነው። ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባሕሩ ርቆ ይሸሻል፣ እነዚያን ጥቂት ቀናት ነው የሚሠሩት። ከዚያ በኋላ ውሃው ያን ያህል ስለማይጎድል እርሻው አይደረስም፤ አንቺ የሄድሽበት ሦስተኛው ቀን እንደዚያ ሆኖ ይሆናል። የጨረቃዋን ቀን ቆጥረሽ ትኬትሽን ቁረጪ። ጫማ ሳታደርጊ እንዳትገቢ፣ አሸዋው ውስጥ የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ ክፉ ነው። ያችን እናት ካገኘሻት ዋና ትማር እንደሆነ ጠይቂልኝ።